የሹሻኒክ ቮልጋ

ጥር ነው ጊዩምሪ፣ ብርዱ ጥርስ አውጥቶ፣
የጋራዤን ቁልፍ ከጣቴ አጋብቶ።
መጣች ሹሻኒክ፣ መኪናዋን ትታ፣
በሁለት እጆቿ ሁለት ዘይት አንስታ።
«አልነሳ አለች!» አለችኝ በሩን ገፍታ፤
«ቁልፉን ባዞረው፣ ሦስት ቀን ከሌት፣
ታቃስታለች እንጂ የላትም አንደበት።»

ባንዱ እጇ የባሏ፣ ያርሻቪር ቆርቆሮ፣
ስሙ የተፋቀ፣ አፉ በጨርቅ ታስሮ፤
ተራ ዘይት፣ ወፍራም፣ ገበሬ የሚያውቀው፣
ሞተሩ አርባ ዓመት ሌላ ያልቀመሰው።
በሌላው የልጇ፣ ኔርሴስ የላከላት፣
ሲንቴቲክ የሚሉት፣ ዋጋውን ሳይነግራት፤
ቀጭን ነው እንደ ሻይ፣ እንደ ማር ያበራል፣
ከዜሮ ሃያ አምስት ወርዶም ይፈሳል።

«ንገረኝ ሃማያክ፣ የቱን ልጨምርላት?
ባሌ ከሞተ ወዲህ የሚመክር የላት።»

ተከትያት ሄድኩኝ። ኮፋኖውን ከፈትኩ፣
መለኪያውን ስቤ በጣቴ ዳበስኩ።
ጭቃ ነው፣ ዘይት አይደል፤ ከብርዱ ጋራ
ሰሙ ረግቶበት ወርቁ የማይበራ።

ልመልስ ስል ግን አፌ ተያዘብኝ፣
የመምህር ሴትራክ ላዳ ትዝ አለኝ።
ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ፣
«አዲስ ዘይት ይግባ!» አልኩት ሳላመዛዝን ሳላይ።
በወሩ ጠራኝ፤ በነጩ በረዶ ላይ
ጥቁር ነጠብጣብ መስመር፣ ከቤቱ እስከ ድልድይ።
ዘይቱ ምን አጠፋ? ሥራው ማጠብ ነው፤
ለካ ፓራኦሊዮው፣ ጎማው የተሰነጠቀው፣
ሃያ ዓመት ሳይፈስ ያቆየው እድፉ ነው።

ስንት ቤት አውቃለሁ በእድፉ የቆመ፣
ቢያጥቡት የሚፈስ፣ ቢተዉት የታመመ።

ግን ደግሞ (ልዋሽ ወይ?) ስንጥቁ ቀድሞም ነበር፤
ዘይቱ አላመጣውም፣ አወጣ እንጂ ምስጢር።

ሹሻኒክ ጠበቀችኝ፣ እጇን በብብቷ፣
ትንፋሿ እንደ ደመና ቆሞ ከፊቷ።
«አንተ ዝም ስትል ያስፈራኛል» አለች፤
«ይቺ መኪና እኮ ሰው አመላልሳለች፣
ምድር በተናጠች ለት፣ ከፍርስራሹ መሃል፤
የኋላ ወንበሯ እስካሁን ጠቁሯል።
‹ለብረት ታለቅሳለች› እንዳትለኝ ብቻ፤
የሚበጃትን ንገረኝ፣ ይኸው መክፈቻ።»

«ሜዳው ላይ ብትኖሪ፣ ከአራራት ቆላ፣
ያርሻቪር ይበቃ ነበር፣ አያሻትም ሌላ።
እዚህ ግን በማለዳ፣ ቁልፉ ሲዞር ገና፣
ዘይቱ እስኪደርስ ድረስ ደረቅ ነው ጎዳና፤
ብረት ብረት ይበላል በዚያች አጭር ደቂቃ፤
ሞተር የሚያረጀው በሩጫ አይደለም በቃ፣
ሲነሳ ነው።

መጀመሪያ እኔ ፓራኦሊዮውን ልቀይር፣
ከዚያ የልጅሽ ይግባ። ካርቶን አንጥፊ ከሥር፤
ጠብታ ይመሰክራል፣ አያውቅም መሰወር።»

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በሦስተኛው ጧት፣
አንዴ ሳል፣ አንዴ ጭስ፣ ከዚያ ድምፅ ሞላት።
አላለቀሰችም። «ስንት ነው?» ብቻ አለች፣
ከሒሳቤም ላይ ግማሹን ተከራከረች።

በሳምንቱ መጣች፣ ፊቷን አጨማዳ፣
ካርቶኑን በብብቷ ጠቅልላ፣ ማልዳ።
ዘረጋሁት። አንዲት ጠብታ፣ ምስር የምታህል።
«ይቺማ ደህና ናት» አልኩ፣ «ይቺ ምንም አትል።»
«እሷን ልከስስ መች መጣሁ» አለችኝ ተቆጥታ፤
ከወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች ተጠግታ።
«ያርሻቪርን ዘይት፣ መጣሉ ቢከብደኝ፣
የግቢዬን በር ማጠፊያ ቀባሁበት፣ ሞኝ!
ስንት ዓመት ሲጮህ የኖረው ዝም አለኝ።
አሁን ማን ሲመጣ ጆሮዬ ምን ይስማ?
ትናንት የሰው ውሻ ገብቶ በላው ያርሻቪርን ጫማ።

ለዝምታስ» አለች፣ «የሚሆን ዘይት አለ?»
ካርቶኑን አጠፍኩት፤ ጠብታው ከጣቴ ዋለ።